አጫውቶ መፈተሽ፦ «ፕሌይቴስቲንግ» ምን ማለት ነው?

የጠረጴዛ ጨዋታ ከሚሠሩ ሰዎች አፍ «ፕሌይቴስቲንግ» የሚለው ቃል አይጠፋም። ገና ያላለቀ ጨዋታን ሰዎች እንዲጫወቱት አድርጎ የት እንደሚሰለቻቸው፣ የትኛው ሕግ እንደሚያከራክራቸው፣ አሸናፊው ከጅምሩ ይታወቅ እንደሆነ ማየት ማለት ነው። «የጨዋታ ሙከራ» ቢባልም ያስኬዳል፤ እኔ ግን «አጫውቶ መፈተሽ» የሚለውን እመርጣለሁ። የጨዋታው ደራሲ ሌላውን ያጫውታል እንጂ ራሱ ባይጫወት ይሻላል፤ ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ሕጉ የጎደለውን ሳይታወቀው ይሞላዋልና።

አብሮት የሚመጣው ቃል «ፕሮቶታይፕ» ነው፤ የሚፈተሸው ያላለቀ ጨዋታ ራሱ ማለት ነው። «ናሙና» እንዳይባል፣ ናሙና የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ካለቀ ዕቃ የተቆነጠረውን ነው፤ እህል ሻጭ ለገዢ በእፍኙ እንደሚያሳየው። ረቂቅ ሕግ እንደምንለው «ረቂቅ ጨዋታ» ብንል ግን ሊሰረዝና ሊታረም የቀረበ መሆኑ ወዲያው ይገባል።

ረቂቅን ደጋግሞ መሥራት ግን አድካሚ ነው። እስራኤል ውስጥ ሩሚኩብ የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ፈጣሪው፣ ከሮማኒያ የመጣው ኤፍሬም ኸርጻኖ፣ የመጀመሪያዎቹን በእጁ ነበር የሚሠራቸው፤ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1980 ጀርመን ውስጥ የዓመቱ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ። አንድ ሩሚኩብ 106 ጠጠሮች አሉት። በእጅ ለሚሠራ ሰው አንድ ሕግ መቀየር ምን ያህል ሥራ እንደሚያስከትል ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይህን ድካም የሚያቀልሉ የኦንላይን መሣሪያዎች ዛሬ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቴብልቶፕ ሲሙሌተር ከታወቁት አንዱ ነው፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በስክሪን ላይ አንድ ጠረጴዛ ከበው ካርድና ዳይስ ያንቀሳቅሱበታል። የራሱን መሣሪያ መገንባት ለሚፈልግ ሰው ዋናው ነገር የጨዋታውን ቁጥሮችና ጽሑፎች ከሥዕሉ ለይቶ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው።

በእስራኤሏ ናታንያ ከተማ፣ ዶራ ሰፈር አያት አማርኛ፣ የልጅ ልጅ ዕብራይስጥ የሚያወሩባቸው ቤቶች አሉ። እዚያ የሚኖር አንድ ወጣት ለሁለቱም የሚሆን፣ ካርድ የተጨመረበት ገበጣ ሊሠራና በራሱ የኦንላይን መሣሪያ ሊፈትሸው ተነሣ እንበል። ገበጣ አንድ ወጥ ሕግ የለውም፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶችን መዝግቧል። ወጣቱ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር አድርጎ ቢጀምር ጠጠሩ 48 ይሆናል። ጨዋታው ከረዘመበት ሠንጠረዡ ላይ 4 የሚለውን 3 ያደርገዋል፤ ገበታው በ36 ጠጠር ይከፈታል። የቀድሞው ረቂቅ መጥፋት የለበትም፤ «ያኛው ይሻል ነበር» የሚል ሰው ሲመጣ ወደ እሱ መመለስ ያስፈልጋል።

ካርዱ ግን ከጠጠሩ ይከብዳል። በእጄ የያዝኩት ካርድ ከባላጋራዬ መደበቅ አለበት፤ በስክሪኑ ላይ ብቻ ተሸፍኖ መረጃው ወደ እሱ ኮምፒውተር ከተላከ ግን ትንሽ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ያነበዋል። ስለዚህ ካርዱን የሚበውዘውም፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስነውም ጨዋታውን የሚያስተናግደው ማዕከላዊ ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) መሆን አለበት።

ዶራ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ሁለቱንም በያዘ ካርድ ላይ የየመስመሩ አቅጣጫ ለመሣሪያው ለየብቻ ካልተነገረው፣ «2 ጠጠር ውሰድ» የሚለው ትእዛዝ ቁጥሩ ወደ ቀኝ ጫፍ ይዘልና «ጠጠር ውሰድ 2» ሆኖ ይታያል። ለዕብራይስጥ ብቻ ታስቦ በተሠራ ገጽ ላይ ይህ ሳይታሰብ የሚደርስ ነው፤ የሚያገኘውም አማርኛውን የሚያነብ ተጫዋች ነው። እንግዲህ ፈታኞቹ ወጣቶች ብቻ ከሆኑ ስሕተቱ እስከ ማተሚያ ቤት ድረስ ሊሄድ ይችላል።

መሣሪያው እያንዳንዱን እርምጃ ይመዘግባል። ማን ከየትኛው ጉድጓድ እንዳነሣ፣ ምን ያህል እንደቆየ ከመዝገቡ ይታያል፤ ለምን እንደቆየ ግን አይታይም። አያት እጃቸውን ከገበታው በላይ ይዘው ዝም ካሉ እያሰሉ ይሆናል፣ ሕጉም አልገባቸው ይሆናል። ወጣቱ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ለማስረዳት ሳይቸኩል፣ ጨዋታው ሲያልቅ «እዚህ ጋ ምን እያሰቡ ነበር?» ብሎ ቢጠይቃቸው ከማንኛውም መዝገብ የበለጠ ያገኛል።