የድሬዳዋ ትንኝና የአካባቢ ጤና ባለሙያው የፈቃድ እድሳት

ደንጊ ትኩሳት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መከሰቱ የተረጋገጠው በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ድሬዳዋ ላይ ነው። በ2011 ማብቂያና በ2012 መጀመሪያ ቺኩንጉንያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ አልጋ ላይ ጣለ። ከጥር እስከ ግንቦት 2014 ደግሞ ወባ፣ ያውም በደረቁ ወቅት፣ ከተማዋን አጠቃ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ብቻ የነበረው የታማሚ ቁጥር በእነዚህ ጥቂት ወራት ከ2,400 በላይ ሆነ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስት ወረርሽኝ፣ ሦስቱም በትንኝ የሚተላለፉ፣ ሦስቱም ሰው ለመጠጥና ለእጥበት ካጠራቀመው ውኃ ጋር የተያያዙ። እንዲህ ባለ ከተማ የአካባቢ ጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃድ ምን ያህል የዛሬውን ብቃት ይመሰክራል? የዚህ መጣጥፍ ጥያቄ ይህ ነው። የእኔ አቋም ፈቃዱ ከሚሰጥበት ቀን ይልቅ የሚታደስበት ቀን የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል የሚል ነው።

ሙያው በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከጤና መኮንንና ከኮሚዩኒቲ ነርስ ጎን ሳኒቴሪያን ያሠለጥን ነበር። ዛሬ የድሬዳዋ ልጅ ሙያውን ለመማር ሩቅ መሄድ የለበትም፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ እዚያው ሐረር ነው። ይሁንና መመረቅ ብቻውን ለሥራ አያበቃም። ጤና ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. የጀመረው አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና ከመነሻው የአካባቢ ጤናን ባያካትትም፣ በኋላ ዘርፉ ተካቷል። ተመራቂው ፈተናውን አልፎ፣ ማስረጃዎቹን አሟልቶና ተመዝግቦ ነው ፈቃድ የሚይዘው። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር የምትተዳደርና ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ስለሆነች በአገር ደረጃ የወጣው መስፈርት በቀጥታ ይመለከታታል።

ይህን ሁሉ አልፎ የተገኘ ፈቃድ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ባለሙያው በፈተናው ቀን አገሪቱ ታውቀው የነበረውን ያውቅ እንደነበረ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ነገሩን ከውኃ በርሜል አፋፍ ላይ ሆኖ ማየት ይበጃል። ድሬዳዋ ውኃዋን የምታገኘው ከከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ በየግቢው በርሜል፣ ሮቶ ወይም የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ግንባታ በሚካሄድበት ደግሞ ለኮንክሪት የተጠራቀመ ውኃ አይጠፋም። ባለሙያው የትንኝ እጭ ሲፈልግ ጥላው ውኃው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቆ ነጩን መጭለፊያ በዝግታ ያስገባል፣ ይቀዳል፣ ወደ ብርሃን ያዞራል። እጩ ከውኃው ወለል ጋር ተጋድሞ ከተንሳፈፈ የአኖፌለስ ነው። በጅራቱ በኩል ባለው መተንፈሻ ቱቦ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ታች ከደፋ ግን የኤደስ ወይም የኩሌክስ ነው። እዚህ ከተማ ደንጊን የሚያስተላልፈው ኤደስና ወባን የሚያስተላልፈው አኖፌለስ በአንድ በርሜል አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ከሃያ ዓመት በፊት የተመረቀ ባለሙያ የተማረው ሌላ ነበር። የወባ ትንኝ ሲባል አኖፌለስ አራቢየንሲስ ነው፤ የሚራባውም ዝናብ ባቆረው ኩሬ፣ በወንዝ ዳርና በረግረግ ነው። ስለዚህ ክረምት ሲወጣ ወደ ደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ይሄዳል እንጂ በጥር ወር የግቢ ሮቶ ክዳን አያነሳም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የእስያ ዝርያ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ደግሞ አገራችን ውስጥ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። ይህ ትንኝ ከተማን ይወዳል፣ ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ዓመቱን ሙሉ ይራባል፤ በኢትዮጵያ ለበርካታ የፀረ ትንኝ ኬሚካሎች የማይበገር መሆኑም ታይቷል። የ2014ቱ የድሬዳዋ ወረርሽኝ ሲጠና ጣቱ የተቀሰረው በእርሱ ላይ ነው። አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ብቻቸውን በማያዋጡበት ቦታ ዋናው ሥራ የውኃ ማጠራቀሚያውን መክደን፣ ማጠብና በፀረ እጭ ኬሚካል ማከም ይሆናል። ይህ ደግሞ የሐኪም ሥራ ሳይሆን በተለይ የአካባቢ ጤና ባለሙያው ሥራ ነው። በበርሜል ውስጥ ያለ እጭ የወባ ሊሆን አይችልም ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ ፈቃዱ ሕጋዊ ነው፤ ፍርዱ ግን ስህተት ነው።

እድሳት የተፈጠረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ መመሪያው መሠረት የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ በዓመት 30 ነጥብ ማሟላት ይጠበቅበታል። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ ሌላውም ዓለም በዚሁ ይሄዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአካባቢ ጤና ማኅበር የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት የያዘ ባለሙያ በየሁለት ዓመቱ የ24 ሰዓት ሥልጠና ማሳየት አለበት። እዚያም እዚህም ግን የሚደመረው ነጥብና ሰዓት ነው። አዳራሽ ተቀምጦ ስለ ሪፖርት አጻጻፍ የሠለጠነና የስቴፈንሲን እጭ መለየት የተማረ ባለሙያ እኩል ነጥብ ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። ለሌላ ከተማ ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለድሬዳዋ ግን የወረርሽኝ ጉዳይ ነው።

የሐኪም ፈቃድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ታካሚው ያየዋል። የአካባቢ ጤና ባለሙያው ግን ፈቃዱ ፋይል ውስጥ ነው፤ የሚያገለግለው ነዋሪም በስሙ አያውቀውም። ስህተቱም ወዲያው አይገለጥም፤ ያልተከፈተው ሮቶ ከሳምንታት በኋላ በጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ ይታያል። ተጠያቂነቱ እንዲህ የራቀ ሙያ እድሳቱ ከሌላው የጠበቀ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ባለሙያውን ለማጨናነቅ ሳይሆን በቦታው የሚፈለገውን እውቀት ለማስታጠቅ።

ስለዚህ በድሬዳዋ የሚሠራ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ከሚያሟላው ነጥብ ውስጥ የተወሰነው ከመስክ የሚገኝ ቢሆን ይሻላል። እጭ መለየት፣ የአንድ ቀበሌን ማጠራቀሚያዎች ቆጥሮ ካርታ ላይ ማስፈር፣ በወረርሽኝ ምርመራ ተሳትፎ ሪፖርቱን ማቅረብ እንደ ሥልጠና ይቆጠሩ። አሠልጣኝ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፤ የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች በቅርብ ናቸው። የሥልጠናው ጊዜም በኅዳርና በታኅሣሥ ቢሆን ባለሙያው ጥር ሲገባ የትኛውን ክዳን እንደሚያነሳ አውቆ ይወጣል።