ፕሮግራም የማያጣው ትምህርት ቤት

ከሻሸመኔ ተነስቶ በሃላባ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጓዝ ሰው፣ ሶዶ ከመግባቱ በፊት ቦዲቲን ያገኛል። አብዛኛው መንገደኛ አይወርድም። እኔም ካልወረዱት አንዱ ነበርኩ፤ ባለፈው ዓመት ግን የተሳፈርኩበት መኪና ጎማው ተነፈሰና ወረድኩ። እስኪቀየር ድረስ ቡና ልጠጣ አንዲት ቤት ገባሁ።

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ከኪሳቸው ወረቀት ያወጣሉ፣ ያዩታል፣ መልሰው ያጥፉታል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ያመጣችው የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ነው። ቋንቋው ወላይትኛ፣ ፊደሉ ላቲን።

«ማንበብ ያስቸግርዎታል ጋሼ?» አልኩ። ብልግና መሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«እንዴት ያስቸግረኛል? የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አለኝ እኮ!» አሉ ቆጣ ብለው። «ወላይትኛ ማንበብ የተማርኩት በኛ በፊደሉ ነው። ይሄኛውን ማን አስተማረኝ?»

እውነታቸውን ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ሌሎቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ ናቸው። በኋላ ቁጥሩ አሥራ አምስት ደረሰ። ሁሉም የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ ካስተማሩት መካከል ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። አገሪቱ በዩኔስኮ በኩል ተሸለመችበት። የሚገርመው፣ አባት በቋንቋው ሀ ሁ ሲቆጥር ልጁ በመደበኛው ትምህርት ቤት እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማር ነበር። ለአዋቂው የተፈቀደው ለሕፃኑ አልተፈቀደም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ገለበጠው። ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተባለ፤ ተገቢ ነው። ፊደሉ ግን ላቲን ሆነ። ለዚህም ምክንያት አልጠፋም፦ ወላይትኛ ውስጥ የሚጠብቀውና የሚላላው፣ የሚረዝመውና የሚያጥረው ድምፅ ትርጉም ይለያል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ማጥበቅን አያሳይም። ብቻ ባለምስክር ወረቀቱ አባት በአንድ ፖሊሲ ተመልሶ መሃይም መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም።

ከዚያ የመጣው የባሰ ነበር። በያኔው ሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ልጆች በአንድ የጋራ መጽሐፍ ይማሩ ተባለና፣ ከአራቱ ስም ተቀንጭቦ «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ ተሠራ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ይህን ማንም አልካደም። ነገር ግን ልጅ ከእናቱ ያልሰማውን «የእናትህ ቋንቋ ነው» ብሎ መስጠት ምን ይባላል? መምህሩም ወላጁም ተማሪውም እምቢ አለ። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ሶዶ ላይ ተቃውሞው ፈነዳ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ፣ መጻሕፍቱ ተቃጠሉ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተነሳ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የመማሪያ መጽሐፍ የአስተዳደር ወሰን ሲለውጥ ያየሁት ያኔ ነው።

ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚወራረደው እንግዲህ እንደ ቦዲቲ ባለ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በደቡብ ክልል ልጁ እስከ 4ኛ ክፍል በወላይትኛ በላቲን፣ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት በግዕዝ ፊደል፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ሲማር ኖሮ 9ኛ ይገባ ነበር። እዚያም ሌላ ፕሮግራም ይጠብቀዋል። በንጉሡ ዘመን «ኮምፕሬሄንሲቭ» ተብሎ እርሻ፣ የቤት አያያዝና ታይፕ ከቀለሙ ጋር እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። በኋላ 10ኛ ክፍል ላይ በብሔራዊ ፈተና መቁረጥ መጣ፤ እሱም ቀረ። አሁን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርትን ወደ ሁለተኛ ደረጃ መልሶታል። እንኳን ደህና መጣ፤ መሣሪያና አስተማሪ አብሮት ከመጣ!

ፕላዝማውንስ እንዴት እረሳለሁ? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይወርድ ጀመር። መምህሩ የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት ዳር ቆመ። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ አየ፤ ይህን አልክድም። ግን ፕላዝማ «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ቢሉት አይሰማም።

በነዚያ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ከገጠር የመጡት ልጆች ክፍል ውስጥ ዝም ይሉብኝ ነበር። እኔም ዝምታውን ባዶነት አድርጌ ወስጄ ውጤት ሰጥቼበታለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ በስንት ፊደልና በስንት ቋንቋ ዞረው እኔ ዘንድ እንደደረሱ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። በጥር 2015 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው፣ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አለማሳለፋቸው ሲነገር፣ ብዙዎቻችን ጸሐፊዎች ጣታችንን የቀሰርነው መጀመሪያ ተማሪው ላይ ነበር።

ወደ ቡና ቤቱ ልመለስ። ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ መጣች። ደብዳቤውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው፤ ሽማግሌው ግን አልረኩም። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ሰጧት።

«በፊደል ጻፊልኝ፤ ቤት ሄጄ ራሴ አነበዋለሁ።»

አማርኛ ክፍል በተማረችው ፊደል ወላይትኛውን ቀስ እያለች መገልበጥ ጀመረች። አንድ ቃል ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አነሳችና ወደ እኔ ዞረች።

«መምህር፣ ይሄ ይጠብቃል። በፊደል ሲጠብቅ እንዴት ነው የሚጻፈው?»

እኔ መልስ ሳዘጋጅ አያቷ ቀደሙኝ።

«አንቺ ጻፊው ብቻ፤ እኔ ሳነበው አጠብቀዋለሁ።»