ልክ

«ለካ» ከሚለው ግሥ ጋር የምትዛመደው «ልክ» ብዙ ሥራ ተሸክማለች። «ልክ ነህ» ስንል እውነትህን ነው ማለታችን ነው፤ «ልኩን አያውቅም» ስንል ድንበሩን፤ «ጫማው ልኬ ነው» ስንል ደግሞ መግጠሙን። ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው የምታስፈልገው ይህችኛዋ ናት።

ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው የማዘርቦርድ ልክ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው። የትልቁ የኢ-ኤቲኤክስ ወርድ ግን እስከ 330 ይደርሳል። ችግሩ፣ ወርዱ 272 ወይም 277 የሆነ ቦርድም በዚያው ስም ይሸጣል። «ኢ-ኤቲኤክስ ይይዛል» የተባለ ኬዝም አንዳንዴ የሚችለው ጠባቡን ብቻ ነው። ስሙ አንድ፣ ልኩ ሌላ።

እኔም ስሙን አምኜ ገዛሁ። ቦርዱ ገባ፤ ብሎኖቹም ታሰሩ። ነገር ግን ጠርዙ ጎማ የለበሱትን የገመድ ማሳለፊያ ቀዳዳዎች ሸፍኗቸው፣ ባለ 24 ፒኑን የኃይል ገመድ የማወጣበት አጣሁ። መግባትና ልክ መሆን ለየቅል ናቸው። አማርኛ ለሁለተኛው «ልክክ አለ» የሚል ውብ አነጋገር አለው፤ ሳይጠብም ሳይላላም ቦታውን ሲይዝ ማለት ነው።

ስለዚህ አሁን ከመግዛቴ በፊት የቦርዱን ወርድ በሚሊ ሜትር አያለሁ። ከዚያ ሜትር ይዤ፣ የዩኤስቢ መሰኪያዎቹ ከሚወጡበት ከኬዙ የኋላ ግድግዳ ጀምሬ ወደ ፊት፣ እስከነዚያ ቀዳዳዎች ድረስ እለካለሁ።