የስፖርተኛ ሐዘንና የአደባባይ ቃል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐኖቨር

በኢትዮጵያ ስፖርት የጉልበትና የጡንቻ ጉዳት በግልጽ ሲነገር የኖረ ሲሆን፣ የአእምሮ ሕመም ግን በአመዛኙ በቤተሰብና በጸበል ቦታ ተሸሽጎ ቆይቷል። ድባቴ፣ ማለትም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሚዘልቅና ደስታን፣ እንቅልፍንና የሥራ ፍላጎትን የሚነሣ ሕመም፣ በሜዳ ላይ በቀላሉ የወኔ ማጣት ሊመስል ይችላል። ሕክምናውም ለረጅም ዘመን በአማኑኤል ሆስፒታል ዙሪያ የተወሰነ ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው።

ሐዘን ግን ከዚህ የተለየ ታሪክ አለው። በታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የ1,500 ሜትር አሸናፊ የነበረችው ዓለም ተቻለ፣ ከእጮኛዋ ከቀነኒሳ በቀለ ጋር በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በአራራት አካባቢ፣ ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ በ18 ዓመቷ ዐረፈች። ቀነኒሳ ከሳምንታት በኋላ በቦስተን በ3,000 ሜትር ሲወዳደር የዙሩን ቁጥር በመሳሳት የማጠናቀቂያ ሩጫውን ያለጊዜው በመጀመሩ፣ አየርላንዳዊው አሊስተር ክራግ አልፎት አሸነፈ። የስሕተቱ መንሥኤ ሐዘኑ ነው ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ አትሌቱ ሐዘኑን ከጋዜጠኞች አልደበቀም፤ በመጋቢት ወር በፈረንሳይ የአጭርና የረጅም ርቀት አገር አቋራጭ ድሎችን በተከታታይ ቀናት ደገመ፣ በነሐሴ ወር ደግሞ በብራስልስ የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን 26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ አደረሰው።

በእግር ኳስ ዓለም ዝምታው የተሰበረው በከፋ ዋጋ ነው። የጀርመን ብሔራዊ ቡድንና የሐኖቨር 96 ግብ ጠባቂ ሮበርት ኤንከ፣ ሕመሙ ቢታወቅ ሥራውንና የማደጎ ልጁን እንዳያጣ በመስጋት ድባቴውን ለዓመታት ደብቆ፣ በኅዳር 1 ቀን 2002 ዓ.ም. ራሱን አጠፋ፤ ባለቤቱ ቴሬዛ በማግስቱ በጋዜጠኞች ፊት ቀርባ እውነቱን ተናገረች፣ በስሙም ድባቴን የሚመለከት ተቋም ተመሠረተ። እንግሊዛዊው ተጫዋች ዴሌ አሊ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለቀድሞው ተጫዋች ለጋሪ ኔቪል በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ በልጅነቱ የደረሰበትን ጥቃትና የእንቅልፍ መድኃኒት ሱሱን፣ ለመታከምም ማገገሚያ ማዕከል መግባቱን ሲገልጽ፣ ከሕክምናው በኋላ በሕይወት ሆኖ የተናገረ በመሆኑ ልዩነቱ ጉልህ ነው።

በአዲስ አበባ ሐዘንተኛ ሐዘኑን በአደባባይ መናገር የሚችለው ድንኳን የሚተክልለት፣ ንፍሮ የሚቀቅልለትና አብሮት የሚቀመጥ ዕድር ስላለው ነው። በድባቴ የታመመ ስፖርተኛ ግን እንዲህ ያለ ማኅበራዊ ደጋፊ የለውም፤ ስለዚህ ከእርሱ ድፍረትን ብቻ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። በቦሌ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታቅዶ ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ተጫዋቾችን ሲቀበል፣ የቡድን ሐኪም እንዳለ ሁሉ የአእምሮ ጤና ባለሙያም ሊኖር፣ ታክሞ የተመለሰ ተጫዋችም ቦታው ሊጠበቅለት ይገባል። ጋዜጠኛም ማይክሮፎኑን ከመዘርጋቱ በፊት፣ ተናጋሪው ከካሜራው ፊት ሲነሣ የሚሄድበት ሐኪም እንዳለው ይጠይቅ።