ማንበብ የማይችለው ባለቅኔ

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የጥንት ከብት ጠባቂ ነው። ስሙ ካድሞን፣ አገሩ እንግሊዝ ነው። በእመምኔት ሂልዳ ገዳም ከኖረ ከ1300 ዓመት በላይ ይሆነዋል። ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር።

በግብዣ ላይ በገና እየዞረ ሁሉም በተራው ይዘፍናል። ካድሞን ግን ዘፈን አያውቅም። በገናው ወደ እሱ ሲቃረብ ተነሥቶ ይወጣል። አንድ ሌሊት በበረት ተኝቶ ሳለ በሕልሙ አንድ ሰው መጣና ስለ ፍጥረት እንዲዘምር አዘዘው። ግጥሙም መጣለት! ከዚያ ወዲያ መነኮሳቱ ታሪክ ይነግሩታል፤ እሱም በልቡ ሲያብላላው አድሮ በግጥም ይመልስላቸዋል።

ይህን ጽፎ ያቆየልን ቤዳ የተባለው መነኩሴ ነው። መጽሐፉን የጨረሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ731 ነው። ካድሞን ብዙ ግጥም እንደ ነበረው ቤዳ ይናገራል። ዛሬ ያለው ግን 9 መስመር ብቻ ነው። እሱም የተረፈው የቤዳን መጽሐፍ የገለበጡ ሰዎች እዚያው ብራና ላይ ስለ ጻፉት ነው እኮ!

እናንተስ ከእናቶቻችሁ የሰማችሁት የወፍጮ ዘፈን የት አለ? በአፍ ብቻ ነው? በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ማታ አንዱን በደብተራችሁ ጻፉት። ደኅና ሁኑ።