መኪናችን የምትሰጠው ምስክርነት



ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አባት የታጠፈ ወረቀት ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። ለዓመታት በፋብሪካ ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ የገዟትን መኪና ሲነዱ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ሰው የለም። ሆኖም ሁለቱ ሹፌሮች «ጥፋቱ ያንተ ነው» ስለተባባሉ ነገሩ ወደ ኢንሹራንስ፣ እዚህ እንደምንለው ወደ ቢቱዋህ፣ ሄደ። እዚያም «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ሲሏቸው ፈረሙ። እኔ ዘንድ የመጡት ከፈረሙ በኋላ ነው። በወረቀቱ መካከል በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ዕብራይስጥ፣ ኩባንያው በመኪናው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን መረጃ እንዲያወጣ ፈቅጃለሁ የሚል ነበር። ባነበብኩላቸው ጊዜ «ልጄ፣ መኪናዋ ደግሞ ምን አይታ ነው የምትመሰክረው?» አሉኝ።

ለእርሳቸው በአጭሩ መለስኩላቸው። ታሪኩ ግን ረዘም ያለ ስለሆነ ለሁላችንም ይጠቅማል በማለት ዛሬ አቀርበዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሹፌርን አነዳድ በመሣሪያ መመዝገብ አዲስ ነገር አይደለም። የከባድ መኪና ሹፌሮች ታኮግራፍን ያውቁታል፤ ፍጥነቱን፣ የተነዳበትንና የታረፈበትን ሰዓት በክብ ወረቀት ላይ የሚጭር መሣሪያ ነው። የአውሮፓ ማኅበር በ1970 ታኮግራፍ ግዴታ እንዲሆን ሲደነግግ፣ የእንግሊዝ ሹፌሮች በኋላ «የጋቢና ውስጥ ሰላይ» እያሉ ተቃወሙት። መንግሥታቸውም አላስገድድም ብሎ በ1979 በአውሮፓ ፍርድ ቤት ተረታ። ይሁን እንጂ ታኮግራፍ አንድ ደግ ጠባይ ነበረው፦ ሹፌሩ ወረቀቱን ስሙን ጽፎ በገዛ እጁ ያስገባዋል፤ እንደሚመዘገብም ያውቃል።

በቤት መኪና ውስጥ ያለው መዝጋቢ ግን የገባው በሌላ በር ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በ1974 ሞዴል በአንዳንድ መኪናዎቹ ላይ ኤርባግ ማለትም በግጭት ጊዜ በቅጽበት የሚነፋ የአየር ከረጢት አስገባ። መሐንዲሶቹ ከረጢቱ በትክክል መሥራቱን ለማወቅ ቀላል መመዝገቢያ አብረው አኖሩ። የተነሡት ሕይወት ለማትረፍ ነው፤ በዚህ ላይ ልንወቅሳቸው አይገባም። ከዚያ ወዲህ መዝጋቢው እያደገ ሄደ። በ1994 ሞዴል የግጭቱን ኃይል መለካት ጀመረ፤ በ1999 ሞዴል ደግሞ ከግጭቱ በፊት ያሉትን 5 ሴኮንዶች ያዘ። መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ ነበር? ፍሬን ተይዟል ወይስ አልተያዘም? በ2000 ላይ መዝገቡን የሚያነብ መሣሪያ ለገበያ ሲቀርብ፣ የፋብሪካው ጉዳይ የነበረው ነገር የፖሊስና የኢንሹራንስ መርማሪ ጉዳይ ሆነ። ብዙው ባለመኪና ግን በመኪናው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እንኳ አልሰማም ነበር።

ይህ ምስክር ባለሥልጣንም አይፈራም። የማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ምክትል ገዥ የነበሩት ቲም መሬይ በኅዳር 2011 የመንግሥት መኪና ሲነዱ ተገለበጡ። በሕይወት ተርፈው፣ ቀበቶ አስሬ ነበር፣ ከተፈቀደው ፍጥነትም አላለፍኩም አሉ። መዝገቡ ሲነበብ ግን ፍጥነቱ በሰዓት 108 ማይል፣ ማለትም ወደ 174 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ቀበቶም አልታሰረም። 555 ዶላር ተቀጡ። በአገር ቤት ምስክር ሲቆጠር ባላጋራው «ይህ ሰው ጠላቴ ነው» ብሎ ሊነቅፈው ይችላል። ይህን ምስክር ግን በምን ይነቅፉታል?

እውነት ከወጣ ምን አለበት የሚል ይኖራል። እኔም በመሬይ ጉዳይ አላዝንም። ጥያቄው ግን የመዝገቡ ጌታ ማን ነው የሚለው ነው። ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው። ካሊፎርንያ በ2003 ባወጣችው ሕግ፣ መረጃው ያለ ባለመኪናው ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይወጣ ወሰነች፤ ለጥገናና ለደኅንነት ጥናት ግን በሩን ክፍት ተወች። በ2006 የአሜሪካ መንግሥት መዝጋቢ ያለው መኪና ይህንኑ በመመሪያ መጽሐፉ እንዲገልጽ አዘዘ። በ2015 ደግሞ መረጃው የባለመኪናው ወይም የተከራዩ ንብረት ነው ተብሎ በአገር ደረጃ ተደነገገ። ፍርድ ቤቶቹ ግን አልተስማሙም። በ2013 አንድ የካሊፎርንያ ፍርድ ቤት፣ በአደባባይ መንገድ ላይ ፍጥነት ምስጢር አይደለም አለ፤ በ2017 የፍሎሪዳ፣ በ2019 የጆርጂያ ፍርድ ቤቶች ፖሊስ ሳጥኑን ለመክፈት የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልገዋል አሉ።

አውሮፓ ሌላ መንገድ መረጠች። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ለሚመዘገብ አዲስ መኪና ሁሉ መሣሪያው ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ እንዳይታወቅ የሻንሲ ቁጥሩን የመጨረሻ 4 አኃዞች እንዳይመዘግብ ተከልክሏል።

እዚህ ላይ ሰው እንዳይደናገጥ አንድ ነገር ልግለጽ። ይህ መዝጋቢ በመኪና ውስጥ የምንጫወተውን ወሬ አይሰማም፤ የት እንደዋልንም አያወራም። የሚያስቀረው በግጭቱ አካባቢ ያሉትን ጥቂት ሴኮንዶች ነው። (የአሜሪካ መንግሥት በ2024 መጨረሻ ባወጣው ደንብ 5ቱ ሴኮንድ ወደ 20 ከፍ እንዲል ወስኗል።) ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙት አዳዲስ መኪናዎች ሌላ ነገር ናቸው፤ ስለ እነርሱ ራሱን የቻለ ንግግር ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በእስራኤል የምንነዳቸው መኪናዎች ከውጭ የሚመጡ ስለሆኑ መዝጋቢው በብዙዎቹ ውስጥ አብሮ ይመጣል። የ1981 የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ የሰው ገመና ያለ ፈቃዱ አይነካ ይላል። «ያለ ፈቃዱ» የምትለዋ ቃል ናት ትልቋ፤ ፈቃድ ማለት ደግሞ በተግባር ያቺ ፊርማ ናት። ፈርሙ ስትባሉ «ለምን ዓላማ ነው? ለማን ይተላለፋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱን ወደ ቤት ወስዳችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው አሳዩ። ቸኩያለሁ የሚል ጸሐፊ ቢቆጣም ይቆጣ።

የእኚያ አባት ጉዳይ በበጎ አለቀ። ሳጥኑ ፍሬን ይዘው እንደነበር መሰከረላቸው፤ ካሣቸውንም ተቀበሉ። ይሁንና ከመኪናቸው የወጣው መረጃ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሕጉ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት መብት ስለሚሰጠው አብረን ደብዳቤ ጽፈናል፤ አንድ ጊዜ ጻፍን፣ ዝም ሲሉ ደገምን። መልሱ ገና አልመጣም።