ወህኒ ቤት ያልነበረው ዳኝነት

ዱሮ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲደባደቡ ያየ አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ካለ እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ለዚህ ሹመትም መሣሪያም አያሻውም፤ ሕጉ ከኋላው አምላክ እንዳለው ሁሉም ያምናል። ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ይርጋጨፌና በዙሪያዋ የሚኖረው የጌዴኦ ሕዝብም የሰውን ቁጣ የሚገታበት የራሱ ሥርዓት አለው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው «ሌዋታን»፣ ሁሉን የሚያስፈራ ኃያል መንግሥት ከሌለ ሰው እርስ በርሱ ይተላለቃል ብሏል። የጌዴኦ አባቶች ግን ያለ ወታደርና ያለ ወህኒ ቤት ሲዳኙ ኖረዋል። ባሌ በሚባለው ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይሸጋገራል፤ የበላዩ አባ ገዳ ነው። የዕለት ተዕለቱን ጠብ የሚያየው ሶንጎ የተባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ውሳኔውን የናቀ ሰው ከማኅበሩ ይገለላል፤ በእርሻውም በሐዘኑም ከጎረቤቱ ለማይለይ ገበሬ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። ነባሩ እምነትም ማጌኖ የተባለው አምላክ የተሸሸገውን ያያል ይላል።

ከሁሉ የከበደው የደም ነገር ነው። ጌዴኦና ጎረቤቱ ጉጂ በአፈ ታሪካቸው ወንድማማቾች ናቸው፤ ስለዚህ በመካከላቸው የሚፈስ ደም ወገንን ሁሉ ያረክሳል። ዕርቅ እስኪወርድ የገዳይና የሟች ወገን በአንድ ማዕድ አይቀርብም። ርኩሰቱን የሚያነጻው ጎንዶሮ የተባለው የዕርቅ ሥርዓት ነው። ገዳዩ በደሉን ያምናል፣ ካሣ ይከፈላል፣ በቀልም እዚያው ይቆማል። ሥርዓቱ ጥፋተኛውን አስፈርቶ ብቻ አይተወውም፤ መመለሻም ይሰጠዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ልጓም የማይዘው ጊዜም አለ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ጭሰኞች በመሬትና በቡና ምርት ምክንያት በባለርስቶች ላይ ተነሥተው ሚችሌ በተባለው ስፍራ ብዙ ደም ፈሰሰ። ጭሰኛው ያልተቀበለውን ሕግ ያጸናው ጠመንጃ ብቻ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የተነሣው ግጭት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከሁለቱም ወገን አፈናቀለ። ወንድማማችነትን የሚተርከው አፈ ታሪክ አልጠፋም፤ የመሬት፣ የወሰንና የአስተዳደር ጥያቄ ግን ከሽማግሌዎች አቅም በላይ ሆኖ ነበር።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በውስጡ ያሉት ትክል ድንጋዮችና ደኖች ብቻ ሳይሆኑ ይህ የባሌ ሥርዓትም ተወስቷል። ቅርስነቱ ግን በመዝገብ ብቻ ሊቀር አይገባም። ሽማግሌ ጎረቤትን ከጎረቤቱ ያስታርቃል፤ የወሰንና የመሬት ጥያቄን በፍትሕ መቋጨት የመንግሥት ሥራ ነው። አባ ገዳዎቹም ሊጠሩ የሚገባው ሰው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ጠቡ ገና ሲጫር ነው።